ሳያመን የልብ ምርመራ፦ የቱ ይጠቅማል? የቱስ ይጎዳል?



በውስጥ መስመር ከሚደርሱኝ ጥያቄዎች አንዱን ዛሬ በሰፊው ልመልስ ነው። ብዙዎቻችሁ በተለያየ መልክ የምትጠይቁኝ ስለሆነ ለሁላችንም ይጠቅማል። ጠያቂው አዲስ አበባ የሚሠራ ወጣት ነው። እንዲህ ይላል፦

«ዶክተር፣ እናቴ ዋግ ኽምራ ሰሃላ ነው ያለችው። ዕድሜዋ ወደ ስልሳ ይጠጋል። እግዚአብሔር ይመስገን ምንም አያማትም፤ ግን አንድ ዘመዳችን በድንገት በልብ ሕመም ካረፈ ወዲህ ሥጋት ገብቶኛል። ትንሽ ገንዘብ አጠራቅሜያለሁ። ለበዓል ሳመጣት ኢሲጂ፣ ኢኮ፣ ከተቻለም የልብ ሲቲ ስካን፣ ብቻ ሙሉ ቼክአፕ አሠርቼላት ልመልሳት አስቤያለሁ። የቱ ይሻላል? ሌላ ደግሞ የእህቴ ልጅ አለች፣ 11 ዓመቷ ነው። ቶንሲል ይመላለስባታል፣ ዳገት ስትወጣም ትንፋሽ ያጥራታል ይላሉ። እሷ ግን ገና ልጅ ስለሆነች ለልብ አያሰጋትም አይደል?»

ወንድሜ፣ ለእናትህ ማሰብህ የሚያስመሰግን ነው። አጭሩን መልስ ላስቀድም፦ ለእናትህ መጀመሪያ የሚያስፈልጋቸው የደም ግፊት መለኪያ ነው። የልብ ሐኪም ቶሎ ማየት ያለበት ልጅቷን ነው። ለምን እንዲህ እንዳልኩ ደግሞ አንድ በአንድ እንይ።

በመጀመሪያ ሁለት ነገሮችን እንለይ

አንድ ሰው ደረቱን እያመመው፣ ትንፋሽ እያጠረው ወይም እግሩ እያበጠ ወደ ሐኪም ሲመጣ የሚታዘዝለት ምርመራ ሕመሙን ለማወቅ የሚደረግ ነው። እዚያ ላይ ጥያቄ የለም፤ ኢሲጂም ይሁን ኢኮ ሐኪሙ ካዘዘ መሠራት አለበት።

ምንም የማይሰማው ጤነኛ ሰው «ምናልባት የተደበቀ ነገር ቢኖር» ብሎ የሚያደርገው ደግሞ ቅድመ ምርመራ ይባላል። የዛሬው ጉዳያችን ይሄኛው ነው። መሣሪያው አንድ ዓይነት ሊሆን ይችላል፤ የውጤቱ ትርጉም ግን ፈጽሞ ይለያያል። ደረቱን የሚያመው የስልሳ ዓመት ሰው ኢሲጂ ላይ የታየ ትንሽ ለውጥ ከባድ መልእክት ሊሆን ይችላል። ያው ለውጥ ምንም በማይሰማው ጤነኛ ሰው ላይ ሲታይ ብዙ ጊዜ ትርጉም የለውም።

«ግን መመርመር ምን ይጎዳል?»

ብዙ ሰው «ነገር ከተገኘ ይታከማል፣ ካልተገኘም ልብ ያርፋል፤ ምን ይጎዳል?» ይላል። ነገሩ እንደዚህ ቀላል ቢሆን ጥሩ ነበር። በቁጥር እንየው። ቁጥሩ ለማስረዳት ብቻ የወሰድኩት ነው።

ምንም ሕመም የማይሰማቸው 1,000 ሰዎች አሉ እንበል። ከእነሱ ውስጥ በእርግጥ የተደበቀ የልብ ችግር ያለባቸው 10 ናቸው። ምርመራው ከ10 ሕመምተኞች 6ቱን ይይዛል፤ ጤነኛ ከሆኑት መካከል ደግሞ ከመቶ 10ሩን በስሕተት «ችግር አለ» ይላል። ውጤቱ ምን ይሆናል?

- «ችግር አለባችሁ» የሚባሉት 105 ሰዎች ናቸው።
- ከእነዚህ በእርግጥ የታመሙት 6 ብቻ ናቸው። 99ኙ ጤነኞች ናቸው።
- 4 ሕመምተኞች ደግሞ «ነጻ ናችሁ» ተብለው ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ።

እንግዲህ እነዚያ 99 ሰዎች ምን ይገጥማቸዋል? መጀመሪያ ድንጋጤ። ቀጥሎ ኢኮ። ከዚያ በመሮጫ ማሽን ላይ የሚደረግ ምርመራ። ከዚያም ሲቲ ስካን፣ እሱም ጨረር አለው፤ በደም ሥር የሚሰጠው ማቅለሚያም ለደካማ ኩላሊት ይከብዳል። አንዳንዱ በደም ሥር ቱቦ አስገብቶ ወደሚደረግ የልብ ምርመራ ይደርሳል፤ እሱም ከስንት አንዴ የደም መፍሰስና የከፋም ጉዳት ያመጣል። መጨረሻ ላይ «ምንም የለም» ይባላል። ገንዘቡ ግን ወጥቷል፤ በሬ ተሽጦ የመጣ ገንዘብ ከሆነ ደግሞ ጉዳቱ ከልብ ምርመራ ክፍል ውጭም ይቀጥላል። አንዳንዱ ሰው ደግሞ «ምንም የለም» ከተባለ በኋላም ልቡን እያዳመጠ ይኖራል።

የ4ቱ ሰዎች ጉዳት ደግሞ ሌላ ነው። «ልብህ ንጹሕ ነው ተብያለሁ» ብለው ማጨሱን ይቀጥላሉ፤ ደረታቸውን ሲያማቸውም «ባለፈው ታይቻለሁ» ብለው ይዘገያሉ። እንግሊዝ ውስጥ የተደረገ አንድ ጥናት ይህን በደንብ ያሳያል። 11,168 ታዳጊ እግር ኳስ ተጫዋቾች ኢሲጂና ኢኮን ጨምሮ ተመርምረው ነበር። ለሕይወት የሚያሰጋ የልብ ችግር የተገኘባቸው 42 ነበሩ፤ እነሱን ማግኘት ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት በልብ ችግር በድንገት ከሞቱት 8 ወጣቶች 6ቱ በምርመራው ጊዜ «ደህና ናችሁ» የተባሉ ነበሩ። ምርመራ የዕለቱን ሁኔታ ያሳያል እንጂ ለነገ ዋስትና አይሰጥም።

ምርመራዎቹን አንድ በአንድ እንያቸው

1. የደም ግፊት መለካት

ከሁሉም ርካሹ ከሁሉም ይበልጣል። ደም ግፊት ሳያሳምም ለዓመታት ይቆያል፤ በድምፅ አልባነቱ ልብን፣ አንጎልንና ኩላሊትን ይጎዳል። በ2015 እ.ኤ.አ. በሀገራችን በተደረገው ብሔራዊ ጥናት ከ15 እስከ 69 ዓመት ካሉት ሰዎች ከመቶ 16 ያህሉ ከፍ ያለ ደም ግፊት ተገኝቶባቸዋል። ከተጠያቂዎቹ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ደግሞ ከዚያ በፊት በሕይወታቸው ተለክተው አያውቁም ነበር።

ይህ ምርመራ ጥሩ የሚሆነው ሕመሙን ስለሚያገኝ ብቻ አይደለም። ከተገኘ በኋላ የሚደረግ ነገር ስላለ ነው። ከ600 ሺህ በላይ ሰዎች የተሳተፉባቸውን 123 ጥናቶች ያጠቃለለ አንድ ትንተና እንዳሳየው፣ የላይኛውን ቁጥር በ10 ነጥብ ዝቅ ማድረግ ስትሮክን በ27 በመቶ፣ የልብ ድካምን በ28 በመቶ ይቀንሳል። መድኃኒቱም በኪኒን የሚሰጥና ብዙ ዓመት የተፈተነ ነው።

ስትለኩ ግን በደንብ ተለኩ። ከመለካታችሁ በፊት ለ30 ደቂቃ ቡና አትጠጡ፣ ሲጋራ አታጭሱ። ሽንታችሁን ሽኑ። አምስት ደቂቃ ጀርባችሁን አስደግፋችሁ፣ እግራችሁን ሳታነባብሩ ተቀመጡ። ክንዳችሁ በልባችሁ ትክክል ይደገፍ፤ እየተለካችሁ አታውሩ። አንድ ቀን 140 በ90 ስለመጣ ብቻ «ደም ግፊት አለብኝ» አትበሉ፤ በሌላ ቀን ይደገም። ከሩቅ አገር በአውቶቡስ ገብቶ፣ እንቅልፍ ያላገኘ ሰው የመጀመሪያ ቀን ልኬት እኮ ብዙም አይታመንም። 180 በ110 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ግን በዚያው ቀን ሐኪም ይየው።

2. ስኳርና ኮሌስትሮል

ዕድሜው ከ40 በላይ ለሆነ፣ ክብደቱ ለጨመረ፣ ደም ግፊት ላለበት ወይም በቤተሰቡ ስኳር ላለበት ሰው የደም ስኳር መለካት ተገቢ ነው። ኮሌስትሮልም በዚያው ሊታይ ይችላል። ኮሌስትሮል ብቻውን ተነጥሎ አይተረጎምም፤ ከዕድሜ፣ ከደም ግፊት፣ ከሲጋራና ከስኳር ጋር ተደምሮ ነው ትርጉም የሚኖረው። የዓለም ጤና ድርጅት ለየአካባቢው ያዘጋጀው የልብና ደም ሥር ሥጋት ማስያ ሰንጠረዥ አለ። ላብራቶሪ በሌለበት ቦታ በዕድሜ፣ በጾታ፣ በሲጋራ፣ በደም ግፊት፣ በክብደትና ቁመት ብቻ የሚሰላም አለው። ሰሃላ ባለ ጤና ጣቢያም ሆነ ቦሌ ባለ ክሊኒክ በእኩል ይሠራል።

3. የልብ ምት መዳሰስ

ከ65 ዓመት በላይ በሆኑ ሰዎች የእጅ አንጓ ላይ ሦስት ጣት አድርጎ ለአንድ ደቂቃ መቁጠር ምንም ወጪ የለውም። ምቱ ወጥነት ከሌለው፣ ማለትም አንዴ ፈጠን አንዴ ዘግየት የሚል ከሆነ፣ ያን ጊዜ ኢሲጂ ምክንያት አገኘ ማለት ነው። የተዛባ ምት በልብ ውስጥ ደም እንዲረጋና ስትሮክ እንዲመጣ ሊያደርግ ስለሚችል መታወቁ ይጠቅማል።

4. ኢሲጂ

ኢሲጂ የልብን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ የሚጽፍ ጥሩ መሣሪያ ነው። ግን አስታውሱ፣ የሚይዘው ወደ አሥር ሰከንድ ያህል ብቻ ነው። የልብ ደም ሥሩ በከፊል የጠበበ ሰው ዐርፎ ተኝቶ ሲነሣ ኢሲጂው ፍጹም ደህና ሊመስል ይችላል። በተቃራኒው ጤነኛ ወጣት ስፖርተኛ ላይ «ያልተለመደ» የሚባል ነገር ይታያል። አሜሪካ ውስጥ የመከላከል ሕክምናን የሚገመግመው ገለልተኛ የባለሙያዎች ቡድን በ2018 እ.ኤ.አ. ምልክት የሌላቸውና ሥጋታቸው ዝቅተኛ የሆነ አዋቂዎች ለልብ ደም ሥር በሽታ ብለው ኢሲጂ እንዳይነሡ መክሯል። ሥጋታቸው መካከለኛና ከፍተኛ ለሆኑት ደግሞ ይጠቅማልም አይጠቅምምም ለማለት በቂ ማስረጃ የለም ብሏል።

5. ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ)

ጨረር የለውም፣ አያምም። ለዚህ ነው ብዙ ሰው «ለማንኛውም ይታይልኝ» የሚለው። ችግሩ ያለው ወረቀቱ ላይ ነው። በብዙ ጤነኛ ሰዎች ልብ ውስጥ ቫልቭ ሲዘጋ ጥቂት ደም ወደ ኋላ ያሾልካል፤ ይህ የተፈጥሮ ነገር ነው። ሪፖርቱ ላይ በትንሹ ሲጻፍ ግን ሰውዬው «ልቤ ያፈሳል ተባልኩ» ብሎ ይወጣል። ከዚያ በኋላ ሥራ መሥራት፣ ዳገት መውጣት፣ መጾም ሁሉ ያስፈራዋል። ጤነኛ አዋቂ ያለ ምክንያት ኢኮ አያስፈልገውም። ሐኪሙ በማዳመጫ ያልተለመደ ድምፅ ከሰማ፣ ወይም ምልክት ካለ ግን ኢኮን የሚተካ የለም።

6. የልብ ሲቲ ስካንና በመሮጫ ላይ የሚደረግ ምርመራ

ዴንማርክ ውስጥ ከ65 እስከ 74 ዓመት የሆናቸው ከ46 ሺህ በላይ ወንዶች የተካተቱበት ትልቅ ጥናት ነበር። ከፊሎቹ ለልብ ሲቲ ስካን፣ ለደም ግፊት፣ ለስኳርና ለኮሌስትሮል ተጠርተው ተመረመሩ፤ ሌሎቹ አልተጠሩም። ከአምስት ዓመት በላይ ሲከታተሏቸው ከተጠሩት 12.6 በመቶ፣ ካልተጠሩት 13.1 በመቶ ሞቱ። ልዩነቱ ትንሽ ከመሆኑ የተነሣ በአጋጣሚ የመጣ ሊሆን ይችላል ተብሎ ነው የተደመደመው። ልብ በሉ፣ ይህ ሕመሙ በጣም በተስፋፋበት፣ የተገኘበት ሰው ሁሉ ሕክምና በሚያገኝበት ሀገር ነው። ስለዚህ ወንድሜ፣ ምልክት ለሌላቸው እናትህ ሲቲ ስካን አልመክርም።

ለእናትህ እንግዲህ ምን ይደረግ?

ከመንገድ ገብተው ሁለት ሦስት ቀን ካረፉ በኋላ ደም ግፊታቸው ይለካ፤ ከፍ ካለ በሌላ ቀን ይደገም። ስኳርና ኮሌስትሮል ይታይላቸው። ሐኪም ልባቸውን በማዳመጫ ያዳምጥ፣ ምታቸውን ይዳስስ። ስለ ጨው አጠቃቀማቸው ይጠየቁ። እንዲያውም ለዚህ ሁሉ የግድ አዲስ አበባ መምጣት አያስፈልጋቸውም፤ ደም ግፊት ጤና ጣቢያም ይለካል፣ ሰቆጣ ደግሞ ተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታል አለ። ሊጠይቁህ ከመጡ ደግሞ እሰየው፣ በዓሉን አብራችሁ አሳልፉ።

አንድ ነገር ልጨምር፦ እናቶቻችን «ምንም አያመኝም» ሲሉ ወዲያው አትመኑ። ልጅ እንዳይጨነቅ የሚደብቁት ብዙ ነው። «አመመሽ?» ከማለት «ድሮ የምትወጪውን ዳገት አሁን ሳታርፊ ትወጫለሽ?» «ሌሊት ትንፋሽ አጥሮሽ ተነሥተሽ ትቀመጫለሽ?» «ማታ ማታ እግርሽ ያብጣል?» ብለህ ጠይቃቸው። ከእነዚህ ለአንዱ «አዎ» ካሉ ከላይ ያልኩት ሁሉ ይቀየራል። ያን ጊዜ ቅድመ ምርመራ መሆኑ ቀርቶ ሕመምን መፈለግ ይሆናልና ኢሲጂውም ኢኮውም ይሠራላቸው።

አሁን ወደ ልጅቷ

መልእክቱን ሳነብ ያስደነገጠኝ መጨረሻ ላይ የተጻፈው ነው። 11 ዓመት፣ የሚመላለስ ቶንሲል፣ ዳገት ላይ የትንፋሽ ማጠር። «ገና ልጅ ናት» የሚለው እዚህ ላይ አይሠራም። በእኛ ሀገር የልብ ቫልቭ ሕመም ዋና መነሻ የሚጀምረው በልጅነት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ዓይነት ባክቴሪያ ጉሮሮን ያማል። በደንብ ካልታከመ የአንዳንድ ልጆች ሰውነት ባክቴሪያውን ለመዋጋት ያዘጋጀውን ኃይል በስሕተት ወደ ራሱ መገጣጠሚያና ልብ ያዞራል። ይህ የቁርጥማት ትኩሳት ይባላል። በብዛት የሚታየው ከ5 እስከ 15 ዓመት ባሉ ልጆች ነው። ትኩሳት ይኖራል፤ ጉልበት ያብጥና ይድናል፣ ቀጥሎ ቁርጭምጭሚት ወይም ክርን ያማል። አንዳንዷ ልጅ እጇ ያለፈቃዷ ይወራጫል። አንዳንዱ ልጅ ላይ ደግሞ ምንም ጎልቶ ሳይታይ ያልፋል። ጉሮሮው በተደጋገመ ቁጥር ቫልቩ ይጠባሰሳል፤ ይጠብባል ወይም ያፈሳል። ብዙ ወጣት ሴቶች መታመማቸውን የሚያውቁት አርግዘው ትንፋሽ ሲያጥራቸው ነው።

ሕመሙ ከቆየ መድኃኒቱ ቀዶ ሕክምና ይሆናል። ዶክተር በላይ አበጋዝና ባልደረቦቻቸው የኢትዮጵያ ሕጻናት የልብ ሕሙማን መርጃን ያቋቋሙት፣ በኋላም በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የልብ ማዕከሉ የተከፈተው ለዚህ ነው። እዚያም በሺዎች የሚቆጠሩ ልጆች ወረፋ ይጠብቃሉ። ከሰሃላ ተነሥቶ ሰቆጣ፣ ከሰቆጣም ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ አዲስ አበባ ወረፋ መያዝ ለአንድ ገበሬ ቤተሰብ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት።

ስለዚህ ወንድሜ፣ ለእናትህ ሲቲ ስካን የያዝከውን ገንዘብ ለልጅቷ አድርገው። በዓል ሳይጠበቅ ሰቆጣ ሆስፒታል ትሂድ፤ ሐኪም ልቧን ያዳምጥ፣ ኢኮ የትና እንዴት እንደሚሠራላት እዚያው ይነገራችሁ። ምናልባት ትንፋሽ ማጠሩ የደም ማነስ ወይም አስም ሊሆን ይችላል፤ እሱም ይታከማል። ግን ሳይታይ «ልጅ ናት» ተብሎ አይታለፍ።

ለሁላችሁም፦ ልጃችሁ ጉሮሮውን ሲያመው ትኩሳት ካለው፣ ሳል ከሌለው፣ አንገቱ ሥር ያበጠ ዕጢ ካለው ወይም ቶንሲሉ ላይ ነጭ መግል ከታየ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ሕመሙ በጀመረ በዘጠኝ ቀን ውስጥ ተገቢው መድኃኒት ከተሰጠ የቁርጥማት ትኩሳትን መከላከል ይቻላል። አንድ የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌ ወይም ለ10 ቀን የሚወሰድ መድኃኒት ነው። በሦስተኛው ቀን ተሻለው ተብሎ አይቋረጥ። ቶንሲል ማስቧጠጥና እንጥል ማስቆረጥ ልብን አያድንም፤ ደም መፍሰስና ሌላ ኢንፌክሽን ግን ያመጣል።

ታዲያ ልጆች ሁሉ፣ ባያማቸውም፣ ኢኮ ይሠራላቸው?

ይህ ከባዱና ሐኪሞችም የምንከራከርበት ጥያቄ ነው። በደቡብ አፍሪካ ኬፕታውንና በእኛ ጅማ ምንም ምልክት የሌላቸው 4,720 ተማሪዎች በኢኮ ሲታዩ፣ በጅማ ከ1,000 ተማሪ ወደ 30 የሚሆኑት ቫልቫቸው ላይ የዚህ ሕመም ምልክት ተገኝቷል። ብዙ ነው።

ተገኝቶስ? ለዚህ መልስ የሰጠው ዑጋንዳ ውስጥ የተሠራ ጥናት ነው። ከ100 ሺህ በላይ ልጆች በኢኮ ታዩ። የተደበቀ የቫልቭ ሕመም ከተገኘባቸው ውስጥ 818ቱ በሁለት ተከፈሉ። ግማሾቹ በየአራት ሳምንቱ የፔኒሲሊን መርፌ ወሰዱ፣ ግማሾቹ አልወሰዱም። ከሁለት ዓመት በኋላ መርፌ ከወሰዱት ሕመሙ የባሰባቸው 3 ልጆች ብቻ ሲሆኑ፣ ካልወሰዱት ግን 33 ነበሩ። በሌላ አነጋገር 13 ልጆች ለሁለት ዓመት መርፌውን ቢወስዱ አንዱ ልጅ ከመባባስ ይተርፋል። ከባድ የመርፌ ጉዳት የታየው ከተሰጡት መርፌዎች ከሺህ አንድ ባልሞላው ላይ ነው።

ይህ ከአዋቂዎች ኢሲጂ በጣም የተለየ ነው። እዚህ ምርመራው ሕመም ያገኛል፣ የተገኘውም መከላከያ አለው። በዚያው ልክ ሌላውን ጎን እንይ። መርፌ ካልወሰዱት ከመቶ ከ90 በላይ የሚሆኑትም በሁለት ዓመት ውስጥ አልባሰባቸውም። እነዚህ ልጆች ቢወስዱ ኖሮ በየወሩ የሚያምም መርፌ ይወጉ ነበር። «የልብ ሕመምተኛ» የሚል ስምም ይወጣላቸዋል። ከትምህርት ቤት የሚያስቀሯቸው፣ እንዳይሮጡ የሚከለክሏቸው ወላጆች አሉ፤ ለሴት ልጅ ደግሞ ስሙ እስከ ትዳር ይከተላታል።

ከሁሉም በላይ ምርመራው የሚጠቅመው ቀጣዩ ነገር ካለ ነው። ዋግ ኽምራ ባለፉት ዓመታት ጦርነትም ድርቅም ያየ አካባቢ ነው፤ ሰሃላ ላይ ድርቁ ከብት ጨርሷል። በእንዲህ ያለ ቦታ አንድ ቡድን መጥቶ ልጆቹን ኢኮ አንሥቶ፣ ዝርዝር ጽፎ ቢሄድ፣ በሚቀጥለው ወር ጤና ጣቢያው ፔኒሲሊን ከሌለው ለቤተሰቡ የተረፈው ጭንቀት ብቻ ነው። ስለዚህ የእኔ አቋም ይህ ነው፦ መጀመሪያ የጉሮሮ ሕመም በአቅራቢያ ይታከም፤ መርፌው ሳይቋረጥ ይኑር፤ ሰጪው ባለሙያም ሳይፈራ እንዲሰጥ ይሠልጥን፤ የታወቁት ሕሙማን ተመዝግበው ይከታተሉ። ይህ ከተዘጋጀ በኋላ በእጅ በሚያዝ ትንሽ የኢኮ መሣሪያ ትምህርት ቤት ለትምህርት ቤት መዞር ሕይወት ያድናል። በ2018 እ.ኤ.አ. የዓለም ጤና ጉባኤ ይህን ሕመም ለመቆጣጠር ውሳኔ አሳልፏል፤ ውሳኔው ሥራ ላይ የሚውለው ግን ጤና ጣቢያው መደርደሪያ ላይ ባለው መርፌ ነው።

(መርፌውን እየወሰዳችሁ ያላችሁ ከዚህ ተነሥታችሁ አታቋርጡ። ቫልቫቸው በጣም የተጎዳና የልብ ድካም ያለባቸው ደግሞ መርፌው ይሁን ኪኒኑ እንደሚሻላቸው ሐኪማቸውን ይጠይቁ።)

ሳትቆዩ ሐኪም ጋ የሚያስኬዱ ምልክቶች

እነዚህ ካሉ «ቅድመ ምርመራ አያስፈልግም ተብሏል» ብላችሁ እንዳትቀሩ፦

- ስትንቀሳቀሱ የሚመጣ፣ ስታርፉ የሚተው የደረት መጨነቅ። የማይተው ከሆነና ላብ ካለው በዚያችው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።
- በፊት በቀላሉ በምትሠሩት ሥራ ላይ ትንፋሽ ማጠር፣ ወይም ትራስ ካልተደራረበ መተኛት አለመቻል።
- የእግር ማበጥ።
- ራስን ስቶ መውደቅ፣ በተለይ እየሮጡ ወይም እየሠሩ ሳለ።
- በቤተሰብ ውስጥ በወጣትነቱ በድንገት የሞተ ሰው መኖር።
- በእርግዝና ወይም ከወሊድ በኋላ የሚብስ የትንፋሽ ማጠር።
- በልጅ ላይ፦ ከእኩዮቹ ጋር መሮጥ አለመቻል፣ ከመገጣጠሚያ ወደ መገጣጠሚያ የሚዘዋወር ሕመም።

ለቼክአፕ ከመክፈላችሁ በፊት ሐኪማችሁን እነዚህን አራት ጠይቁ

1. ይህ ምርመራ በእኔ ዕድሜና ሁኔታ ለምን ያስፈልገኛል?
2. ችግር ቢያሳይ ቀጥሎ ምን ይደረጋል? ያንንስ ማግኘትና መክፈል እችላለሁ?
3. ደህና ቢልስ ምን ይቀየራል? መድኃኒቴ ወይም አኗኗሬ ይለወጣል?
4. ባላደርገው ምን ይቀርብኛል?

ለሁለተኛውና ለሦስተኛው «ምንም» የሚል መልስ ካገኛችሁ ገንዘባችሁን ያዙ። በእሱ ገንዘብ ለቤት የሚሆን የክንድ ደም ግፊት መለኪያ ግዙና እናት አባታችሁን፣ ጎረቤቶቻችሁንም ለኩበት። ሲጋራ የምታጨሱ አቁሙ፣ ጨው ቀንሱ፣ በእግራችሁ ሂዱ። «ለልብ ጥሩ ነው» ተብሎ አስፕሪን በራሳችሁ አትጀምሩ፤ ጨጓራና አንጎል ውስጥ ደም ሊያፈስ ይችላል።

ይህ ጽሑፍ ለአጠቃላይ ግንዛቤ ነው፤ የእናንተን ሁኔታ የሚያውቀው የሚያያችሁ ሐኪም ነው። ጥያቄ ካላችሁ አስተያየት መስጫው ላይ ጻፉልኝ። አገር ቤት እናት፣ አባት፣ ወይም ቶንሲል የሚመላለስበት ልጅ ላለው ወዳጃችሁ ደግሞ አጋሩት።

መልካም ጤና!